ካርቶኖቹ የት ሄዱ?

በ2006 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ካርቶን የምናቀርብለት አንድ ትልቅ የምግብ ፋብሪካ መጋዘኑን መጥተን እንድናይ ጠራን። አጎቴ ቃሊቲ ውስጥ አነስተኛ የካርቶን ማምረቻ ነበረው፤ እኔ የስቶር መዝገቡንና ርክክቡን እይዝለት ነበር። መጋዘኑን ለዓመታት አውቀዋለሁ። ካርቶኖቻችን በሃምሳ በሃምሳ ታስረው እስከ ጣሪያው ይደረደሩበት ነበር። ከሥር ያሉትን እርጥበት ያበላሻቸዋል፣ አይጥ ይበሳቸዋል፤ አንዳንዶቹም የምርቱ ሕትመት ሲቀየር ሳይነኩ ይጣላሉ። ያን ቀን ስንገባ ወለሉ ታጥቦ፣ ቢጫ መስመር ተሰምሮበት፣ ግድግዳው ላይ «በፊት» እና «በኋላ» የሚሉ ፎቶዎች ተለጥፈው ጠበቁን። ካርቶን ያለው አንድ ጥግ ላይ ብቻ ነው። የካይዘን (ሥራን በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ) ቡድኑ መሪ «ከእንግዲህ ማሸጊያ እዚህ ቤት ከሁለት ቀን በላይ አያድርም» አለን። ሁላችንም አጨበጨብን። እኔ ያጨበጨብኩት ከልቤ ነበር።

ስንመለስ አጎቴ አይሱዙው ውስጥ ሳሪስ እስክንደርስ ዝም አለ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞር «ካርቶኖቹ የት ሄዱ?» አለኝ።

መልሱን ሁለታችንም እናውቀው ነበር። እኛ ጋ ናቸው። ቀድሞ ፋብሪካው የወሩን ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ይሰጠንና በሁለት በሦስት ጭነት ይረከበን ነበር። አሁን አመሻሽ ላይ ስልክ ይደወላል፣ ለነገ ጠዋት 2 ሰዓት ይህን ያህል አምጡ ይባላል። አንድ ቀን 800፣ በማግስቱ 3,000፣ በሦስተኛው ቀን ጭራሽ አይደወልም። ማሽን አስተካክሎ፣ ቀለም ቀይሮ፣ ክሊሼ (የሕትመቱን ቅርጽ የያዘውን ሰሌዳ) ገጥሞ በአንድ ሌሊት 3,000 ካርቶን ማውጣት ስለማንችል አስቀድመን እያመረትን እናስቀምጥ ጀመር። መጀመሪያ ሼዱ ሞላ፤ ቀጥሎ ሠራተኛው ምሳ የሚበላበት ክፍል፤ በመጨረሻ የአጎቴ ቤት ሳሎን። ልጆቹ ለአንድ ዓመት ያህል የቤት ሥራቸውን የሠሩት በካርቶን ግድግዳ መካከል ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ወረቀቱ አለ። የወረቀት ጥቅል ከውጭ ነው የሚመጣው፤ አስመጪው ለኤልሲ (ባንክ ለውጭ ግዢ ለሚከፍተው የክፍያ ዋስትና) ወረፋ ይጠብቃል፣ ከዚያ መርከቡ፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከዚያ መንገዱ። ስለዚህ አጎቴ ወረቀት ሲገኝ የአራት ወሩን ይገዛ ነበር፣ ብሩንም እዚያው ላይ ይከፍል ነበር። ፋብሪካው የሚከፍለው ግን እንደ ድሮው ካስረከብን ከ90 ቀን በኋላ ነው። ከላይ ወረቀቱ በወራት አንዴ ይመጣል፤ ከታች ካርቶኑ በየማለዳው ይፈለጋል፤ መሃል ላይ ቆሞ ሁለቱን የሚያቻችለው ግድብ የአጎቴ ሳሎንና የአጎቴ የባንክ ደብተር ነበር። ይህን ለግዢ ክፍሉ ሰው ስናስረዳው በትሕትና አዳምጦን «እሱ የእናንተ ጉዳይ ነው፤ እኛ ጀስት ኢን ታይም ገብተናል» አለን። ዕቃ በሚፈለግበት ሰዓት ብቻ ይድረስ የሚለውን አሠራር ማለቱ ነው።

ያቺ አነጋገር ናት ለዓመታት ስለዚህ ጉዳይ እንዳነብ ያደረገችኝ። ይህ ሰው የያዘው ነገር በተወለደበት አገር እንዲህ ነው የሚሠራው? የሚቀጥለውን የምጽፈው ካነበብኩትና ከኖርኩት አንድ ላይ ነው። የውጭውን ታሪክ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ጀስት ኢን ታይም ከጃፓን መምጣቱን ሁሉም ያውቃል፤ ከማጣት መምጣቱ ግን ብዙ አይነገርም። ኪይቺሮ ቶዮዳ ቶዮታን በ1937 ራሱን የቻለ የመኪና ኩባንያ አድርጎ ሲያቋቁም፣ በቀጣዩ ዓመትም ኮሮሞ በምትባል ከተማ ፋብሪካ ሲከፍት፣ የሚፈለገው ዕቃ በሚፈለግበት ሰዓት በሚፈለገው ልክ ብቻ ይድረስ የሚል ሐሳብ ነበረው። ጦርነቱ አቋረጠው። ከጦርነቱ በኋላ በ1949 ያልተሸጠ መኪና ተከማችቶ፣ የተሸጠውም ገንዘቡ አልሰበሰብ ብሎ ኩባንያው ከመክሰር አፋፍ ደረሰ። ባንኮች ተባብረው አተረፉት። በ1950 ሠራተኛው አድማ መታ፣ ከ2,000 በላይ ሰው ከሥራ ወጣ፣ ኪይቺሮም ራሱ ኃላፊነቱን ለቀቀ። እነ ታይቺ ኦኖ የማሽን ክፍሉን ሲያደራጁ የነበሩት በዚህ ዘመን ነው። ብርን ወደ ብረት ቀይረው መደርደሪያ ላይ የሚያሳድሩበት አቅም አልነበራቸውም። ኦኖ መላውን ያገኘው ስለ አሜሪካ ሱፐርማርኬቶች ከሰማው ነው፤ ገበያተኛው የፈለገውን ከመደርደሪያው ያነሣል፣ መደርደሪያው የተነሣውን ያህል ብቻ መልሶ ይሞላል። ካንባን የሚሉት ካርድ ከዚያ ወጣ። ካርዱ ከሣጥኑ ጋር ይመጣል፤ ምን ዕቃ፣ ስንት፣ ከየት ወደ የት የሚለውን ይዟል። ሣጥኑ ሲከፈት ካርዱ ወደ አምራቹ ይመለሳል፣ ያኔ ሌላ ይመረታል። ካርድ ካልተመለሰ ማንም አያመርትም።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ሱፐርማርኬት አይደለም፤ የሰፈራችን ባለሱቅ ነው። እናቴ ጤፍ በኩንታል ብትገዛም ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ሻይ ቅጠል በየዕለቱ ነበር የምታስመጣን። ቤታችን መጋዘን የለውም፤ መጋዘናችን የእሱ ሱቅ ነው። ነገር ግን ባለሱቁ እኛን በጭፍን አይደለም የሚጠብቀን። ጾም ሲገባ ምን እንደምንተው ያውቃል። እናቴ እንግዳ ሲኖርባት ከሳምንት በፊት ጎራ ብላ «የፊታችን እሑድ ማኅበር አለብኝ» ትለዋለች፤ እሱም ለዚያ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ደመወዝ በወጣ ቀን ዱቤዋን ትዘጋለች። ስኳር ከገበያ ሲጠፋ ደግሞ እሱ አስቀድሞ ሰው ይልክባታል። ልጅ ሆኜ ይህ ጉርብትና ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ዕቃ የሚቀመጥበትን ቦታ ወሬ ተክቶት ነው። ቤታችን ውስጥ ስኳር በማዳበሪያ እንዳይቀመጥ ያደረገው፣ ቃል በሁለቱም በኩል በጊዜው መድረሱ ነው። ወሬው ከአንድ ወገን ብቻ ቢመጣ፣ እናቴ በድንገት ልጅ እየላከች አሥር ኪሎ ስኳር ብትልና ዱቤውን ለሦስት ወር ብታቆየው፣ ባለሱቁ ወይ ይከስራል ወይ በሩን ይዘጋባታል።

ቶዮታ ይህን ቀድሞ ገብቶት ነበር ብዬ አምናለሁ። በ1939 ባወጣው የግዢ ደንብ አቅራቢዎችን እንደ ራሱ ቅርንጫፍ ፋብሪካ እንደሚያይ፣ ያለ በቂ ምክንያት እንደማይቀያይራቸውና አቅማቸው እንዲያድግ እንደሚረዳ ጽፏል። ካንባን ወደ ውጭ አቅራቢዎች የተዘረጋው ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ በ1960ዎቹ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ዝምድናው ቀደመ፣ ባዶው መጋዘን ተከተለ። አቅራቢዎቹ በ1943 የተመሠረተ የጋራ ማኅበር አላቸው። አብዛኞቹ በአቅራቢያው ሠፍረዋል፤ ኮሮሞም በ1959 ስሟ ተቀይሮ ቶዮታ ከተማ ተብላለች። ከሁሉ በላይ ግን እኛ ጋ ያልመጣ አንድ ግዴታ ነበረ፤ ምርትን ማመጣጠን። ገዢው ዛሬ አንድ ዓይነት መኪና ብቻ፣ ነገ ሌላ ብቻ አይሠራም፤ በየቀኑ ከየዓይነቱ እያሰባጠረ ይሠራል፤ የቀጣዩን ወር ዕቅድ አስቀድሞ ለአቅራቢው ይሰጣል፤ ካርዱ ያንን ዕቅድ ጥቂት ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ብቻ ነው። ገዢው ራሱን ሳይገዛ አቅራቢውን በሰዓት ሊገዛ አይችልም። 800፣ 3,000፣ ምንም የሚል ትእዛዝ እያወጣ መጋዘኑን ባዶ ያደረገ ፋብሪካ ጀስት ኢን ታይም አልጀመረም፤ መጋዘኑን ነው ወደ ሌላ ሰው ቤት ያዛወረው።

ይህ ማለት ግን ትክክለኛው መንገድ ለአቅራቢው ምቹ ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም ከባድ ነው። የመኪና መቀመጫ የሚሠሩ ፋብሪካዎችን ብንወስድ፣ የመኪናው አካል ቀለም ተቀብቶ ወደ መገጣጠሚያው ሲገባ ምልክት ይደርሳቸዋል፤ ቀለሙና ዓይነቱ በሰልፉ ተራ ተደርድሮ በጥቂት ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት። ተራው የተዛባ አንድ መቀመጫ የተሳሳተ መኪና ፊት ይደርሳል። ትርፍ ስለሌለ ብልሽት የሚደበቅበት የለም። ድሮ ከ50 ካርቶን አምስቱ ቢሰነጠቁ ማንም ሳያየን ከሌላው እስር ይሞላ ነበር፤ አሁን አምስቱ የተሰነጠቁበት ጠዋት የማሸጊያው መስመር ይቆማል፣ ስማችንም ይጠራል። ከዚህ የተነሣ ገዢው ወደ አቅራቢው ጓዳ መግባት ይጀምራል። መሐንዲሶቹ ይመጣሉ፣ የማሽኑን አያያዝ ያያሉ፣ ወጪህን አሳየን ይላሉ፣ ዋጋው በየጊዜው እንዲቀንስ ይጠይቃሉ። የአቅራቢው መሐንዲሶችም ገዢው ቤት ተቀምጠው ገና ያልወጣ መኪና ሲነደፍ አብረው ይሠራሉ። ምሥጢር ለምሥጢር ይሰጣጣሉ። ይህን ለሁሉም አቅራቢ ማድረግ አይቻልም፤ ስለዚህ ገዢው ጥቂቶችን መርጦ ከእነሱ ጋር ይኖራል።

እኛ አገር ግዢ ሲባል ሦስት ፕሮፎርማ ነው። ለምን እንደመጣ ይገባኛል፤ የድርጅቱን ብር ከሌብነት ለመጠበቅ ነው፣ እሱንም አላናንቅም። ግን ፕሮፎርማ የሚጠይቀው እያንዳንዱን ግዢ እንደ መጀመሪያ ትውውቅ ነው። ባዶ መጋዘን የሚጠይቀው ደግሞ የአሥር ዓመት ትውውቅ ነው። ሁለቱን በአንድ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ላይ ሳያቸው፣ አንዱ ሌላውን ሲያንቀው ነው የማየው።

አሁን ስለ እሳቱ ልጻፍ፤ ከሁሉም በላይ ሐሳቤን የቀየረው እሱ ነው።

በየካቲት 1 ቀን 1997፣ ቅዳሜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ላይ፣ ካሪያ በምትባል ከተማ ያለ የአይሲን ፋብሪካ ተቃጠለ። አይሲን የቶዮታ የቅርብ አቅራቢ ነው። በዚያ ፋብሪካ ከሚሠሩት ዕቃዎች አንዱ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ግፊት የሚመጥን ቫልቭ ነበር፤ በእጅ የሚያዝ፣ ዋጋው ትንሽ ነገር። ቶዮታ ከሚጠቀምበት ቫልቭ 99 በመቶ የሚሆነውን የሚሠራው ይህ አንድ ፋብሪካ ነበር፤ በቀን ከ30,000 በላይ። ቶዮታ በእጁ የነበረው ክምችት በሰዓታት የሚቆጠር ነበር። ያለዚያ ቫልቭ መኪና አይወጣም። በቀጣዮቹ ቀናት በጃፓን ያሉት የቶዮታ መስመሮች አብዛኞቹ ቆሙ፤ ለእነሱ ዕቃ ከሚያቀርቡት ሌሎችም ብዙዎቹ አብረው ቆሙ። ብዙ ሰው ይህ ሥርዓት ለሳምንታት አይነሣም ብሎ ጠብቆ ነበር። ቫልቩን ለመሥራት በልክ የተቀረጹ ልዩ መሣሪያዎች ያስፈልጋሉ፤ እነሱም ተቃጥለዋል።

አይሲን እሳቱን ለመሸፋፈን አልሞከረም። በዚያው ማለዳ ለቶዮታ አሳወቀ፤ ሌሎች አቅራቢዎችን እርዳታ ጠየቀ፤ የቫልቩን ንድፍ ለጠየቀው ሁሉ ላከ። ይህን በራሳችን ሙያ ሳስበው ይከብደኛል፤ አንድ ነጋዴ ዳቦ የሚበላበትን ንድፍ ለተፎካካሪው ጭምር እየሰጠ ነው። ከ200 በላይ ድርጅቶች ገቡበት። ከእነሱ መካከል የመኪና ዕቃ ሥራው ያልነበረው የልብስ ስፌት ማሽን አምራቹ ብራዘር ይገኝበታል። ልዩ መሣሪያ የሌላቸው፣ ያላቸውን መቁረጫና መብሻ እያስተካከሉ በቀን ጥቂት ጥቂት እየሠሩ ሰጡ። ማንም ተቀምጦ ስለ ዋጋ አልተደራደረም፣ ውል አልተጻፈም። ከእሳቱ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ቫልቮች ደረሱ፤ በቀጣዩ ሳምንት ፋብሪካዎቹ ወደ ቀድሞ ሥራቸው ተመለሱ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ሆነ። ቆይቶ አይሲን ወጪያቸውን ከፈላቸው፤ ቶዮታም ለዋና አቅራቢዎቹ ከዚያ ሩብ ዓመት ሽያጫቸው 1 በመቶ ያህል ማካካሻ ሰጣቸው።

ይህን ታሪክ ለአጎቴ ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ «ዋጋ ሳይጠይቁ?» ብሎ ነው። እውነቱን ነው፤ ለእኛ የሚደንቀው እሳቱ ሳይሆን ያ ነው። እኔ እነዚያ ሰዎች ከእኛ የተሻሉ ደጎች ናቸው ብዬ አላስብም። ዋጋ ያልጠየቁት ነገም፣ ከአሥር ዓመት በኋላም አብረው እንደሚኖሩ ስላወቁ ነው፤ ሒሳቡ አንድ ቀን እንደሚወራረድ ሳይጠራጠሩ። የእናቴ የዱቤ ደብተር ማለት ነው። አንድ ነገር ግን አለ፤ ያንኑ እሳት ያን ያህል አደገኛ ያደረገው ይኸው መተማመን ነበር። ቫልቩን ሁሉ ለአንድ ቤት ማሸከማቸው ስህተት እንደነበር ቶዮታም አልካደም። ገመዱ ሲጠብቅ ሁለቱንም ያስራል፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ቆሞ አይቀርም።

በተቃራኒው መንገድ የሄዱም አሉ። በ1992 የጄኔራል ሞተርስ የግዢ ኃላፊ የሆኑት ሆዜ ኢግናሲዮ ሎፔዝ ነባር ውሎችን እንደገና ለጨረታ አውጥተው ከአቅራቢዎች ከፍተኛ የዋጋ ቅናሽ ጠየቁ። ኩባንያው ከባድ ኪሳራ ላይ ነበርና በአጭር ጊዜ ብዙ ገንዘብ አዳኑ፤ በ1993 ወደ ቮልስዋገን ሄዱ። አቅራቢዎቹ ግን ቂሙን ለዓመታት ያዙት፤ አዲስ ሐሳብ ሲያገኙ መጀመሪያ ለሌላ ደንበኛ ማሳየትን መረጡ። የካርቶን ነጋዴም ይህን ያደርጋል፤ አጎቴም አድርጎታል። የተሻለ ወረቀት ሲያገኝ መጀመሪያ የሚሰጠው ቀድሞ ለሚከፍለው ነበር።

ጃፓንም ብትሆን ሁሉም ነገር በመከባበር ብቻ የቆመ አይደለም። በሰዓት እንዲደርሱ የታዘዙ የጭነት መኪናዎች ተራቸው እስኪደርስ ፋብሪካው አጠገብ መንገድ ዳር ተሰልፈው ሲጠብቁ፣ መንገዱ ራሱ መጋዘን ሆኗል ተብሎ ብዙ ተወቅሷል። ከላይ ያለው በቀጥታ ለቶዮታ የሚያቀርበው ነው፤ ከእሱ በታች ሌላ አለ፣ ከዚያም በታች አሥር ሰው የቀጠረ ጋራዥ የሚያህል ቤት አለ። ጫናው ወደ ታች እየወረደ ሲሄድ የመጨረሻው ላይ ያርፋል። ስለዚህም ነው ጃፓን በ1956 ሕግ ያወጣችው፤ በኋላ እንደተሻሻለው ትልቁ ኩባንያ ከትንሹ ሥራ ተቋራጩ ዕቃውን ከተረከበ በ60 ቀን ውስጥ መክፈል አለበት። ያንን ስድሳ የሚል ቁጥር ሳነብ ለረጅም ጊዜ አፍጥጬ አየሁት። የእኛ 90 ነበር፤ እሱም ቼኩ በቀጠሮው ከወጣ ነው። ካይዘንን ስናመጣ ቢጫውን መስመር አመጣን፣ የሥራ ቦታ ማደራጃዎቹን አምስቱን «ማ»ዎች (ማጣራት፣ ማጽዳት የመሳሰሉትን) አመጣን፤ መስመሩን ደግፎ ያቆመውን የክፍያ ሕግ አላመጣነውም። መንግሥታችን በፈረንጆቹ 2009 ከጃፓኑ የልማት ትብብር ድርጅት ከጃይካ ጋር 30 ያህል ፋብሪካዎች ላይ ሙከራ ጀመረ፣ በፈረንጆቹ 2011 የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ብዙ ፋብሪካ ውስጥ ለውጡ በዓይን የሚታይ ነው፣ እኔም አይቻለሁ። ነገር ግን ሥልጠናው በአንድ ፋብሪካ አጥር ውስጥ ይጀምርና በዚያው አጥር ያበቃል። ከአጥሩ ውጭ ያለው አቅራቢ በፎቶው ላይ የለም።

በመጋቢት 2011 በጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ሲደርስ፣ ናካ የተባለው የቺፕ አምራቹ የሬኔሳስ ፋብሪካ ቆሞ የመኪና ቺፕ ጠፋ። ቶዮታ ያኔ ያወቀው አንድ አስደንጋጭ ነገር፣ ከአቅራቢዎቹ በታች ያሉትን አቅራቢዎች በቅጡ አለማወቁን ነው። ከዚያ በኋላ ማን ከማን እንደሚገዛ እስከ ታችኛው እርከን ድረስ መዝግቦ ያዘ፣ ቺፕ የሚያቀርቡለትም ከሁለት እስከ ስድስት ወር የሚሆን ክምችት እንዲይዙ አደረገ። ባዶ መጋዘንን ለዓለም ያስተማረው ኩባንያ እዚህ ላይ መጋዘን ሙሉ አለ። በ2021 መጀመሪያ ቺፕ በዓለም ሲጠፋ ከብዙዎቹ ዘግይቶ ነው የተጎዳው። በ2022 ደግሞ ኮጂማ የተባለ የፕላስቲክ ዕቃ አቅራቢ ኮምፒውተሮቹ በሰርጎ ገቦች ሲጠቁ፣ ቶዮታ በጃፓን ያሉትን 14ቱንም ፋብሪካዎች መጋቢት 1 ቀን አቁሞ ዋለ። ዕቃው አልጠፋም፤ ቃሉ ነው የተቋረጠው። ምን፣ ስንት፣ መቼ የሚለው መልእክት መመላለስ ሲያቆም መኪናው ቆመ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ገዢና አቅራቢን ሳይ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ክፉ ወሬ ከአንዱ ወደ ሌላው በስንት ሰዓት ይደርሳል? መጋዘን ሙሉ በሆነበት ዘመን ክፉ ወሬ ሳምንት ሊያድር ይችላል፤ ክምችቱ ይሸፍነዋል። መጋዘኑ ባዶ ሲሆን ሰዓታት ብቻ አሉ። አቅራቢው ክፉ ወሬውን በዚያች ሰዓት እንዲናገር ደግሞ ተናግሮ እንደማይቀጣ ማወቅ አለበት። እኛ በነዚያ ዓመታት አንዴም ተናግረን አናውቅም። ወረቀት ሲያልቅ «መኪናው መንገድ ላይ ነው» እንል ነበር። ማሽን ሲሰበር ስልክ አናነሣም ነበር። እኔ ራሴ ነኝ የማላነሣው፤ ስልኩ ሲጮህ እያየሁት፣ እጄን ኪሴ ከትቼ። የውሸቱ ምክንያት ጸባያችን አልነበረም፤ እውነት የተናገረ ቀን የሚመጣው መልስ «ሌላ አቅራቢ እንፈልጋለን» ስለሆነ ነው።

በ2009 ዓ.ም. ፋብሪካው አዲስ የምርት ክፍል ኃላፊ አመጣ። ወጣት ሴት ናት፣ መሐንዲስ። በመጣች በወሩ ገደማ ሳትጠራ ቃሊቲ መጣች። አጎቴ ለቁጣ መስሎት ተነሥቶ ቆመ። እሷ ግን «ጋሼ፣ ካርቶኑ እንዴት እንደሚሠራ አይቼ አላውቅም፤ ያሳዩኝ» አለችው። ሼዱን፣ የምሳ ክፍሉን፣ ከዚያ አጎቴ ሳይፈልግ ሳሎኑንም አየች። ሳሎኑ ውስጥ የልጁን ደብተር ከካርቶን ላይ አንሥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ብዙ ዝም አለች። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት መካኒኮች ይዛ መጥታ ሦስት ቀን ዋሉ። ሕትመት ለመቀየር ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅብን የነበረው፣ ክሊሼዎቹና ቁልፎቹ ማሽኑ ሳይቆም አስቀድመው እየተዘጋጁ፣ ሃያ ደቂቃ ውስጥ ገባ። ከዚያም ሁልጊዜ አርብ ከሰዓት የሚቀጥለው ሳምንት ዕቅድ በወረቀት ይደርሰን ጀመር፤ በየቀኑ ስንት፣ የትኛው ሕትመት። ቁጥሩ ሰኞ 1,400፣ ማክሰኞ 1,500፣ እንዲህ ተቀራራቢ ሆነ። ለክፍያው ከሒሳብ ክፍል ጋር ስድስት ወር ተሟገተችለትና 30 ቀን ላይ ቆመ። ሳሎኑ በዚያ ዓመት ተለቀቀ። አጎቴ በዚያው ዓመት ዋጋ በካርቶን ጥቂት ሳንቲም ቀነሰ፤ ማንም አልጠየቀውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ እሷ ወደ ሌላ ሥራ ሄደች። አርብ ዕለት የሚመጣው ወረቀት ለጥቂት ወራት ቀጠለና ቀረ። ይህን የምጽፈው ነገሩ በአንድ ሰው ልብ ላይ ሊቆም እንደማይችል ስለማምን ነው፤ ደንብ፣ ሕግና ልማድ ካልሆነ ከሰውየው ጋር ይሄዳል።

እሷ እያለች የሆነ አንድ ሌሊት ግን አይረሳኝም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የማተሚያው ማሽን ሞተር ተቃጠለ። ለጠዋቱ ከሚያስፈልገው 1,500 ካርቶን የወጣው 600 ያህል ነው። የማታው ሽፍት ሠራተኞች ቆመው ያዩናል። እኔ ከልማዴ «እስኪነጋ እንጠብቅ፣ ሞተሩን ጧት መርካቶ እንፈልጋለን፣ ስልክ አናንሣ» አልኩ። አጎቴ መልስ አልሰጠኝም። ስልኩን ከኪሱ አወጣ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ቁጥሯን ፈልጎ ደወለ። በእንቅልፍ ድምፅ አነሣች። «ልጄ፣ ሞተራችን ተቃጠለ፤ 900 ይጎድላል» አላት። እኔ ቁጣውን ለመስማት ጆሮዬን አቀረብኩ።

«ጋሼ፣ እስከ ስንት ሰዓት አለን?» አለች።

አለን ነው ያለችው። አጎቴ ሰዓቱን አይቶ፣ 600ው እስከ 4 ሰዓት ድረስ መስመሩን እንደሚያቆይ ነገራት። ገና ሳይነጋ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ የፋብሪካው ፒክአፕ በራችን ላይ ጥሩንባ ነፋ። ኤሌክትሪሺያኑ ወርዶ የኋላውን ከፈተ። የእነሱን መጠባበቂያ ሞተር ይዞ ነበር የመጣው።